ስልክ እየጠበቅሽ ስትሰፊ

ልጄ፣ አክስትሽ ልጇን ልታርስ ሜሪላንድ ከሄደች ሁለት ወር አለፋት። የቤቱን ቁልፍ ላንቺ ሰጥታ እኔን «ብቅ እያልሽ እያት» ብላኛለች። ባለፈው ሐሙስ ብቅ ስል የማሽኑ ክዳን ተከፍቶ፣ ምንጣፉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆራርጦ፣ አንቺም አጠገቡ ኩርምት ብለሽ አገኘሁሽ። «አንገቱ ሰፋብኝ እትዬ» አልሽኝ። ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ ፈተና የሰጠሽበት መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው መቅጠሩን የዚያኑ ዕለት ጠዋት እንደሰማሽ ነገርሽኝ።

ሁለቱ ነገር በአንድ ቀን መሆኑ በአጋጣሚ አልመሰለኝም። ከ40 ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ የከፋው ሰው የቆረጠውን ጨርቅ ሳየው አውቀዋለሁ። በዚያ ቀን ልመክርሽ አልፈለግሁም፤ ቡናችንን ጠጥተን ተለያየን። አሁን ግን የምልሽን ደጋግመሽ እንድታይው በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

1. ልብሽ የከፋ ቀን መቀስ አታንሺ።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምጽፍልሽ ያስከፈለኝን ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የልጇን የመልስ ቀሚስ እንድሰፋላት ጨርቅ አመጣችልኝ። በብር ክር የተሠራ አበባ ያለበት ክሬም ጨርቅ ነበር፤ መርካቶ ዞራ ዞራ ከጣቃው የተረፈውን የመጨረሻ ቁራጭ ነው ያገኘችው። ያን ቀን ጠዋት የቤት አከራዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድለቅ ነግሮኛል። እጄ ጨርቁ ላይ፣ ሐሳቤ ግን ልጆቼን ይዤ የት እንደምገባ ነበር። የእጅጌውን ንድፍ አስቀምጬ አንዱን ቆረጥኩ፤ ንድፉን ሳልገለብጥ ሁለተኛውንም ቆረጥኩ። እጅጌ ከፊት በኩል ጎደል፣ ከኋላ በኩል ሞላ ይላል። ስለዚህ ሁለቱም የግራ እጅጌ ሆነው ወጡ። ጨርቁን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጌ ለሁለት አጥፌው ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኙ በአንድ ጊዜ ይወጡልኝ ነበር። ይህንን ደግሞ በደንብ አውቀው ነበር።

እጅጌውን ከሌላ ጨርቅ አድርጌ ሰጠኋት። እናትየዋ አንድ ክፉ ቃል ሳትናገር የተስማማነውን ከፍላኝ ሄደች። ዛሬም ሰርግ ቤት ክሬም ቀሚስ ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች።

የተሰፋ ነገር ይተረተራል፤ ቢበዛ አንድ ከሰዓት ታጠፊበታለሽ። የተቆረጠ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሥራሽን ለሁለት ክፈዪው። መቁረጥ በረጋሽበት ቀን፣ በጠዋት ብርሃን፣ ሆድሽ ምግብ ቀምሶ ይሁን። «አልተመረጥሽም» የሚል መልእክት የደረሰሽ ቀን ደግሞ ተርትሪ፣ ቦቢን ሙዪ፣ ቁልፍ ትከዪ፣ ጠርዝ ዘምዝሚ። እነዚህ ሁሉ ሥራ ናቸው፤ እጅሽን አያስፈቱሽም፣ ጨርቅሽንም አያበላሹብሽም።

2. ቤቱ የአደራ ቤት ነው።

ማሽኑን እንድትነኪ አክስትሽ ፈቅዳልሽ እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ካልነገርሻት ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያት። ደስ እንደሚላት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአንቺ አፍ ትስማው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። በካውያ እየተኮስሽ መብራት ከሄደ መጀመሪያ የምታደርጊው ሶኬቱን መንቀል ነው። ሰው መብራት ሲሄድ ካውያውን እንደተሰካ ትቶ ይወጣል፤ ከሰዓታት በኋላ መብራቱ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም። አንቺ ደግሞ ድንገት «አሁን ነይ» ተብለሽ ለቃለ መጠይቅ የምትሮጪ ልጅ ነሽ። ውኃም እንዲሁ ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧውን ከፍተሽ «የለም» ብለሽ ሳትዘጊ ከወጣሽ ሌሊት መጥቶ ምንጣፉን ያጥበዋል። በር ከመቆለፍሽ በፊት ካውያውንና ቧንቧውን በእጅሽ ነክተሽ ውጪ፤ በዓይን ማየት አይበቃም።

ስፒል መሬት ላይ እንዳይቀር ደግሞ ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ማግኔት አስወጥተሽ ሥራ በጨረስሽ ቁጥር ምንጣፉ ላይ አዙሪው። አክስትሽ በባዶ እግሯ የምትሄድ ሴት ናት።

3. ጨርቅ ሳይሆን መጀመሪያ ማሽኑን እወቂ።

የአክስትሽ ማሽን በእግር የሚነዳ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ እግርሽ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው የሚሮጠው። ለመነሻ ክር አታግቢበት። ያረጀ መርፌ አስገቢና ከሥሩ የደብተር ወረቀት አድርገሽ መስመሩን እየተከተልሽ ንጂ። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ካረፉ እጅሽ ለምዷል። ከዚያ ክብ ሥዪና እሱን ተከተዪ። ወረቀት መርፌ ያደንዛልና ለጨርቁ አዲስ መርፌ ቀይሪ። ስትነሺ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ያለውን ጎማ በእጅሽ ወደ ራስሽ አዙሪና እግርሽ ይከተለው፤ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይበጠሳል።

መርፌዋን ወደ ብርሃን አንስተሽ እያት። በአንድ ጎኗ ከላይ እስከ ዓይኗ የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ። ክሩ የሚገባው ከቦዩ በኩል ነው። ተገልብጣ ከገባች ማሽኑ ስፌት ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል፤ ሰው ደግሞ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ሠራተኛ ይጠራል። ስንት ጊዜ ለመርፌ መገልበጥ ብቻ ተጠርቼ እንደሄድኩ!

ሐሙስ ዕለት ከጨርቁ ሥር ክር ተጠላልፎ የወፍ ጎጆ መስሎ አይቻለሁ። አንቺ የታችኛውን ክር ደጋግመሽ ስታወጪና ስታገቢ ነበር። ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ካስገባሽ፣ ክሩን የሚይዙት ሁለቱ ሳህኖች ተጣብቀው ስለሚቆዩ ክሩ መሃላቸው አይገባም፤ የሚይዘው ያጣና ከሥር ይከማቻል። እግሩን አንሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ክሩን እንደገና አስገቢ። የታችኛው ክር ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከታየሽ ደግሞ የላይኛው ከርሯልና ጥቂት አላዪው።

4. የመጀመሪያ ቀሚስሽ ከአቡጀዲ ይሁን።

ሳቲን ዓይንሽን እንደሳበው አውቃለሁ። ሳቲን ግን ያንሸራትታል፣ ስትተረትሪውም የመርፌው ቀዳዳ ይቀርበታል። አቡጀዲ እንዳስቀመጥሽው ይቀመጣል፣ በእርሳስ ይጻፍበታል፣ ቢበላሽም አያስለቅስም። በአቡጀዲ ሰፍተሽ፣ ለብሰሽ፣ የጠበበውንና የሰፋውን ምልክት አድርገሽበት ስትተረትሪው ያው ቀሚስ ንድፍ ይሆንሻል።

ጥጥ ጨርቅ ከሆነ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፣ አድርቂው፣ ተኩሺው። ሳይታጠብ የተሰፋ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል።

የሐበሻ ቀሚሱ ይቆይሽ። የእጅ ሸማ ክሩ ልል ነው፤ ከተቆረጠበት ዳር ይረግፋል። ጥለቱ ደግሞ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት መግጠም አለበት፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ከሩቅ ይታያል። የሸማኔውን የስንት ቀን ልፋት በጀማሪ እጅ መቁረጥ ያሳዝነኛል።

5. ቁጥር ጻፊ።

በጭንቅላትሽ አትያዢው። ለምሳሌ ደረትሽ 92 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የማይለጠጥ ጨርቅ ላይ ለመተንፈሻ 6 ትጨምሪያለሽ፤ 98 ይሆናል። ጨርቁን አጥፈሽ ስለምትቆርጪ ለአራት ስታካፍይው 24 ተኩል ይመጣል። ለስፌት 1 ተኩል ጨምሪ፤ ከእጥፋቱ 26 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ። ለዳሌሽም እንዲሁ። ከትከሻ እስከ ጉልበት በታች 1 ሜትር ከሆነ ለትከሻ ስፌት 1 ተኩል፣ ለታች እጥፋት 4 ጨምሪ። ጨርቁ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ካለው ፊትና ጀርባው ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ለእጅጌውና ለስህተት ጭምር 2 ሜትር ይበቃሻል።

አሁን ወደ አንገቱ እንመለስ፣ ያስለቀሰሽ እሱ ነውና። አንገቱን ልክ በምትፈልጊው ስፋት ነው የቆረጥሽው። ስትሰፊው ግን ስፌቱ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር በላ፤ አንገቱም በዚያው ልክ ሰፋ። አንገት ሁልጊዜ ከሚፈለገው አጥብበሽ ነው የምትቆርጪው። ከመሃል እጥፋቱ ወደ ጎን 7፣ ከፊት ወደ ታች 7፣ ከኋላ 2 ብቻ። ትከሻውን ከሰፋሽ በኋላ ለብሰሽ መስታወት ፊት ቁሚ፤ ከጠበበሽ ጥቂት ጥቂት እያልሽ አውርጂ። በዚህ ልክ ራስሽ አያልፍም፤ ለዚያ ከኋላ መሃሉን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀደሽ ከላይ አንዲት ቁልፍ ትከዪለት።

ሰማያዊውን ጨርቅ አትጣይው። ከወገብ በላይ ያለውን አንሺለት፣ ላስቲክ አግቢበት፤ ጥሩ ጉርድ ይወጣዋል።

6. እያንዳንዱን ስፌት ሳትተኩሺ ወደሚቀጥለው አትለፊ። መጀመሪያ ግን ካውያውን ቁርጥራጭ ላይ ሞክሪው፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ካውያ ላይ ይቀልጣል።

7. ሳልባጅ ግዢና ተርትሪው።

የአክስትሽን ቁም ሣጥን አትክፈቺ። ልባሽ ተራ ሄደሽ ስፌቱ ያማረ አሮጌ ቀሚስ ግዢ። ኮሌታው እንዴት እንደተገለበጠ፣ ዚፑ የት እንደጀመረ፣ ገበሩ ከየት እንደተያያዘ እያየሽ፣ በየተራው እየጻፍሽ በምላጭ ተርትሪው። ከዚያ መልሰሽ ስፊው። እኔን ያስተማረኝ ሰው ሳይሆን አንድ የተተረተረ አሮጌ የወንድ ኮት ነው።

8. ጠዋቱ የሥራ ፍለጋው ነው።

ይህን ስልሽ እንዳይከፋሽ። ማሽን ደስ ይላል፤ በአንድ ቀን ውጤቱን ያሳይሻል። ሥራ ፍለጋ ግን 30 ቦታ አመልክተሽ አንድም መልስ የማታገኚበት ነገር ነው። ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ወደ ማሽኑ ይሸሻል። እስከ 6 ሰዓት ድረስ የማሽኑ ክዳን አይከፈት። የጋዜጣውንና የቴሌግራሙን የሥራ ማስታወቂያ እዪ፣ ማመልከቻሽን አስገቢ፣ የማስረጃሽን ኮፒ ከኦሪጅናሉ ጋር በአንድ ፋይል አዘጋጅተሽ አስቀምጪ። ያመለከትሽበትን ቦታና ቀን ልክ እንደ ጨርቅ ልኩ ደብተር ላይ ጻፊ። «እናስቀጥርሻለን፣ ቅድሚያ ክፈዪ» የሚልሽን ሰው አትመኚ።

ከሰዓት ስትሰፊ ስልክሽን ማሽኑ ላይ አታስቀምጪው። የማሽኑ ድምፅ ጥሪውን ይውጠዋል፤ ንዝረቱም ይጥለዋል። መስኮቱ ላይ፣ በዓይንሽ ፊት ይሁን።

ሲቀጥሩሽ ደግሞ ደስታው ዓይንሽን እንዳይጋርደው። ፊርማም እንደ መቀስ ነው፤ ውሉን ወደ ቤት ወስደሽ ማንበብ እንደምትችዪ ጠይቂ። የግል መሥሪያ ቤት ከሆነ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይደነግጋል። ተያዥ አምጪ ካሉሽ ሰው ለመለመን አትንከራተቺ፤ ልጄ ደመወዝተኛ ነው፣ እኔ አናግረዋለሁ።

9. የሰው ጨርቅ አሁን አትቀበዪ።

ሁለት ቀሚስ እንደሰፋሽ ጎረቤት ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ቀብድ ሰጥተውሽ ገንዘቡን ታክሲና ፎቶ ኮፒ ላይ ካዋልሽው በኋላ ጨርቁ ቢበላሽ በምን ትመልሺዋለሽ? ደግሞም ቤቱ የአክስትሽ ነው፤ እሷ በሌለችበት የማታውቀው ሰው የሚገባና የሚወጣበት ቤት አታድርጊው።

ገንዘብ ከቸገረሽ፣ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ከጎረቤት ብቻ ተቀበዪ፤ ሁለቱም ቢሳሳቱ ይተረተራሉ። ሱሪውን ግን ሳትቆርጪ ወደ ውስጥ እጠፊው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ቁልፍ የሚተክልና ጠርዝ የሚዘመዝም እጅ ይፈልጋሉ። ከሰፈራችን ሰፊዎች አንዱን አነጋግሬልሻለሁ። የሚከፍልሽ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሰለጠነ እጅ ጨርቅ ሲቆርጥ በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጠሽ ታያለሽ።

10. አቡጀዲውን እስከ ቅዳሜ ጨርሺው። አንገቱን እንዳልኩሽ አጥብቢ፣ የታቹን እጥፋት ግን አትስፊው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለብሰሽው፣ ከላይ ጋቢ ደርበሽ ወደኔ ነይ። ለቃለ መጠይቅ የምታደርጊውንም ጫማ ያዢ፤ የቀሚስ ቁመት በጫማው ነውና የሚለካው፣ አንቺ ወንበር ላይ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ስፒሌን ይዤ ዙሪያሽን እለካለሁ።