ከመቶኛ ወደ ሚሊግራም በሊትር፦ የበረኪና ስሌት

ጥያቄ፦ በበረኪና ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው «5 በመቶ» ወደ ሚሊግራም በሊትር እንዴት ይለወጣል? በጀሪካን ውኃስ ምን ያህል ይጨመራል?

መልስ፦ 5 በመቶ ሲባል በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ክሎሪን አለ ማለት ነው። በ1 ሊትር 50 ግራም፣ ማለትም 50,000 ሚሊግራም ይሆናል። መቶኛውን በ10,000 ማባዛት ይበቃል። ሞላሪቲ ከተፈለገ 50 ግራሙ ለክሎሪን ሞላር ክብደት፣ ለ71 ይካፈላል፤ 0.7 ሞል በሊትር ገደማ ይወጣል።

በጎንደር ከተማ ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ፣ ወይም በደጋው ገጠር ከምንጭ ሲቀዳ፣ ስሌቱ የጤና ጉዳይ ይሆናል። ለጠራ ውኃ የተለመደው መጠን 2 ሚሊግራም በሊትር ነው። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ሚሊግራም ያስፈልጋል። አንድ ሚሊ ሊትር በረኪና 50 ሚሊግራም ስለያዘ፣ 40 ለ50 ሲካፈል 0.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን በሐኪም መርፌ መለካት ከማንኪያ ግምት እጅግ ይሻላል። ውኃው ከደፈረሰ አስቀድሞ ይጣራል፣ መጠኑም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በማቅጠን ላይ ነው። ለጤና ተቋም ዕቃ ማጽጃ የሚሆን 0.5 በመቶ ለማዘጋጀት አንድ እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውኃ ጋር ይደባለቃል፤ 10 እጅ አይደለም፤ በጠቅላላው 10 እጅ የሚሆነው ድብልቁ ነውና።

በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ከስሌቱ በፊት የተመረተበት ቀን ይታይ።