የወረቀት ገንዘብና ዲጂታል መዝገብ

ገበያ ላይ አንድ ባለ 100 ብር ኖት ከገዢ ወደ ሻጭ ሲተላለፍ የሚፈጸመውን ነገር ልብ ብለን እንመልከት። ሻጩ ኖቱን ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፣ ከዚያም ኪሱ ይከተዋል። ግብይቱ በዚሁ ተፈጸመ። ባንክ አልተጠየቀም፤ የገዢውም ስም አልተመዘገበም። በየዕለቱ የምናየው ይህ ድርጊት የኮምፒዩተር ሳይንስ ለዐሥርት ዓመታት ሲታገለው የኖረውን ችግር የሚፈታ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ችግሩ ምንድን ነው? ዲጂታል መረጃ የቁጥሮች ቅደም ተከተል በመሆኑ ያለ ወጪ ይባዛል፤ ቅጂውም ከዋናው አይለይም። ፎቶግራፍ ለወዳጃችን ስንልክ ዋናው በስልካችን እንደሚቀር ሁሉ፣ ገንዘብም በፋይል መልክ ቢላክ ላኪው በዚያው ገንዘብ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊገዛበት በቻለ ነበር። ይህ «ድርብ ወጪ» ይባላል። ኖትን ከዚህ የሚጠብቀው ቁሳዊ አካሉ ነው፤ አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ በሁለት ሰው እጅ አይገኝም፣ የውኃ ምልክቱንና የደኅንነት ክሩን አስመስሎ መሥራትም አድካሚ ነው።

ከዚህ የተነሣ አብዛኞቹ የዲጂታል ክፍያ ዘዴዎች የሚልኩት ትእዛዝ ብቻ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር አንድ ደንበኛ 50 ብር ሲከፍል፣ ስልኩ የሚያስተላልፈው መልእክት በማዕከላዊው መዝገብ ከእርሱ ሂሳብ 50 ተቀንሶ ለሻጩ እንዲደመር ያዛል። መዝገቡ አንድ ስለሆነ ድርብ ወጪ አይኖርም። (እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይንም ቢሆን መዝገቡን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በተነው እንጂ አላስቀረውም።) ነገር ግን መዝገቡ ሁሉን ያያል፤ መዝገቡ ጋ መድረስ ካልተቻለ ደግሞ ገንዘቡ እንደሌለ ይቆጠራል።

የመጀመሪያውን ጉዳይ አስቀድሞ የተመለከተው አሜሪካዊው ዴቪድ ቻውም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ባንኩ የሚፈርምበትን ሰነድ ይዘት ሳያይ የሚፈርምበትን ስልት አቀረበ። ካርቦን ወረቀት በተለጠፈበት የታሸገ ፖስታ ላይ ከውጭ ሲፈረም ፊርማው በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ስልቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም ሻጩ ገንዘቡ ቀድሞ ወጪ ሆኖ እንደሆነ ባንኩን መጠየቁ አልቀረም። የቻውም ኩባንያ ዲጂካሽም እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰረ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሒሳብ ይልቅ ኑሮን ይነካል። «ኔትወርክ የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ አንባቢ የሚኖር አይመስለንም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ በትግራይ የባንክ አገልግሎት ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ በደብተሩ ብዙ ገንዘብ የተጻፈለት ሰው ለዳቦ መግዣ ያጣ ነበር። እርግጥ ወረቀትም ከመንግሥት ውሳኔ ነጻ አይደለም፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌዎቹ የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ነበር የተሰጣቸው።

በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹን የባንክ ኖቶች እ.ኤ.አ. በ1661 ያወጣችው ስዊድን፣ ዛሬ ጥሬ ገንዘብ በጥቂቱ ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። ይሁንና መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2018 ለየቤቱ በላከው የአደጋ ጊዜ መመሪያ ዜጎች ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው እንዲይዙ መከረ፤ ከ2021 ጀምሮም ትልልቅ ባንኮች የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ በሕግ ተገደዱ።

በእኛ አስተያየት ኖት ከዕለት ግብይት እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም፤ ነገር ግን ያለ ኔትወርክ የሚሠራ አስተማማኝ ዲጂታል ገንዘብ ሳይገኝ ከገበያ ማውጣቱ አደገኛ ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለዲጂታል ዩሮ ያቀደው አንዱ ዘዴ ገንዘቡን በስልክ ወይም በካርድ ውስጥ ባለ ጥብቅ ቺፕ ማስቀመጥ ነው። ቺፑን ሰብሮ ይዘቱን ማባዛት የቻለ ሰው ቢገኝ ግን ድርብ ወጪ ተመልሶ ይመጣል፤ በመሆኑም በአንድ ቺፕ የሚያዘው የገንዘብ መጠን እንዲወሰን ታስቧል።