የጸደቀው ችግኝ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ ከምንባቡ በታች የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ

ዛፍ የሚተክል ሰው ብዙ ነው፤ የተከለውን ተንከባክቦ የሚያሳድግ ግን ጥቂት ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ማቆም የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ያንኑ ችግኝ ከፀሐይ፣ ከከብትና ከውኃ ጥም ጠብቆ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ግን የወራትና የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን ልዩነት ጠንቅቀው የተረዱ፣ በጎረቤት አገር በኬንያም የገጠር ሴቶችን በፈቃደኝነት አስተባብረው የተራቆተውን ምድር ለማልበስ የተነሡ አንዲት ሴት ነበሩ። እኚህ ሴት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ናቸው።

ዋንጋሪ በ1940 በኬንያ ደጋማ ክፍል፣ በኔሪ አካባቢ በምትገኘው ኢሂቴ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከቤታቸው አጠገብ ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆነ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ዛፉን የፈጣሪ ዛፍ አድርጎ ስለሚያከብረው ማንም መጥረቢያ አያነሣበትም፤ የወደቀውን ጭራሮ እንኳ ለማገዶ የሚለቅም አልነበረም። ከዛፉ አቅራቢያ ንጹሕ ውኃ ይመነጭ ነበር። ሕፃኗ ዋንጋሪ ከዚያ ምንጭ እየቀዱ፣ በወንዙ ዳር ከእንቁራሪት ጫጩቶች ጋር እየተጫወቱ አደጉ። የዛፉ ሥር ዐለቱን ሰንጥቆ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ የሚያወጣ፣ አፈሩንም እንዳይናድ አጥብቆ የሚይዝ መሆኑን የተገነዘቡት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ትምህርት ከቀሰሙ ወዲያ ነው።

በ1960 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚያም የሥነ ሕይወት ትምህርት አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንስሳት ሕክምና ዘርፍ ምርምር ካካሄዱ በኋላ በ1971 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ከምሥራቅና ከማዕከላዊ አፍሪካ ሴቶች መካከል ይህን ማዕረግ ለማግኘት የመጀመሪያዋ እንደሆኑ ይነገርላቸዋል።

በዚሁ ጊዜ በመዥገር አማካይነት ወደ ከብቶች የሚተላለፍ በሽታ ያጠኑ ነበር። መዥገር ለመሰብሰብ ወደ ገጠር በወጡ ቁጥር ግን ዐይናቸውን የሳበው ሌላ ነገር ነው። በክረምት ወንዞቹ አፈር ተሸክመው ቡናማ ሆነው ይወርዳሉ። የከብቶቹ ጎድን አጥንት ይቆጠራል። ገበሬዎቹም ከስተዋል። ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲመለሱ ደግሞ ያ ትልቅ ዛፍ ለሻይ ተክል ቦታ እንዲለቅ ተቆርጦ፣ ምንጩም ደርቆ አገኙት። የከብቶቹ ዋነኛ ጠላት መዥገር ብቻ ሳይሆን የምድሪቱ መራቆት ጭምር እንደሆነ የተገለጸላቸው ያን ጊዜ ነው።

ዋንጋሪ የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት አባል ስለነበሩ የገጠር ሴቶች ብሶታቸውን ሲያሰሙ የማዳመጥ ዕድል አገኙ። ሴቶቹ የዘረዘሩት ችግር ሰንሰለት ነበር። በቅኝ አገዛዝ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ የአገር በቀሉ ደን እየተመነጠረ በቦታው ሻይ፣ ቡናና ከውጭ የመጡ ዛፎች ተተከሉ። ደኑ ሲጠፋ ማገዶ ራቀ፤ ውኃም ራቀ። ማገዶ ሲጠፋ እናቶች ብዙ እሳት የሚፈልገውን የቦሎቄና የበቆሎ ንፍሮ ትተው በጥቂት እሳት ወደሚደርስ፣ ከሱቅ ወደሚገዛ የተፈተገ ዱቄትና ነጭ ዳቦ ዞሩ። በዚህም የተነሣ የልጆች ምግብ ተጓደለ፤ በሽታ በረከተ። እንግዲህ በአንድ ኮረብታ ላይ የተቆረጠ ዛፍ ውጤቱ በሕፃን ልጅ ገበታ ላይ ታየ ማለት ነው። ዋንጋሪም ነገሩን ካሰላሰሉ በኋላ የደረሱበት መልስ ቀላል ነበር፦ ሴቶቹ ራሳቸው ዛፍ ይትከሉ።

መልሱ ቀላል ቢሆንም አፈጻጸሙ ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ያፈሏቸው ችግኞች ውኃ በማጣት አብዛኞቹ ጠወለጉ። ይህም ሆኖ ተስፋ ሳይቆርጡ ሰኔ 5 ቀን 1977፣ የዓለም የአካባቢ ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ከምክር ቤቱ አባላት ጋር በሰልፍ ወጥተው በናይሮቢ ዳርቻ በካሙኩንጂ መናፈሻ ሰባት ዛፎች ተከሉ። ሰባቱም ዛፎች ከተለያዩ የኬንያ ብሔረሰቦች ለተወለዱ ሰባት ስመ ጥር ሰዎች መታሰቢያ ነበሩ። በዕለቱ ንግግር ተደረገ፤ ተጨበጨበ። ከሰባቱ ዛፎች ግን የጸደቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም፤ ክብረ በዓል ችግኝ አያጠጣምና።

ስለዚህ ሥራው ከክብረ በዓል ወጥቶ ወደ ሴቶቹ ጓሮ ገባ። መጀመሪያ የደን ባለሙያዎች ተጋብዘው ሴቶቹን እንዲያስተምሩ ተደረገ። ባለሙያዎቹ ስለ ተዳፋት መጠንና ስለ ዘር ዝግጅት በረቀቀ ቋንቋ ቢናገሩም ለአድማጮቻቸው ግልጽ አልሆነላቸውም። ዋንጋሪ ግን ሴቶቹ ከልጅነት እስከ ዕውቀት እህል ሲዘሩ የኖሩ መሆናቸውን አስታውሰው፣ ያንኑ የእጅ ልምዳቸውን እንዲጠቀሙ መከሯቸው። ሴቶቹም በአካባቢያቸው ከሚበቅሉ ዛፎች ሥር ዘር ለቀሙ፤ የተሰበረ ገንቦና ያረጀ ቆርቆሮ አፈር ሞልተው ዘሩበት፤ ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ አኖሩት። የትኛው ዘር ቶሎ እንደሚበቅል፣ የትኛው እንደሚዘገይ በዐይናቸው አይተው ለዩ። አንዷ ያወቀችውን ለሌላዋ አስተማረች። በዚህ ሁኔታ ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ተብለው ለመጠራት በቁ።

ከሁሉ በላይ ሥራውን ያጸናው የቆጠራው ደንብ ነው። ሴቶቹ በቡድን ተደራጅተው ችግኝ ያፈላሉ፤ ለጎረቤቶቻቸው ያድላሉ፤ ከዚያም በየማሳው እየዞሩ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይመለከታሉ። ለአንድ ችግኝ የሚከፈለው ጥቂት ሳንቲም የሚሰጠው ችግኙ ሲተከል ሳይሆን መጽደቁ ሲረጋገጥ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የራሷ ገቢ ላልነበራት እናት ዋጋ ነበረው። በደንቡ መሠረት አንዲት ሴት መቶ ተክላ አሥር ብታጸድቅ የሚቆጠርላት አሥር ነው፤ ሃያ ተክላ ሃያውን ብታሳድግ ግን ሃያ ይቆጠርላታል። በመሆኑም ውኃ ማጠጣት፣ ማጠርና መጠበቅ ከመትከል የማይለይ ሥራ ሆነ።

ችግኞቹ ቢያንስ አንድ ሺህ እየሆኑ በረድፍ ይተከሉ ስለነበር ምድሪቱ አረንጓዴ መቀነት የታጠቀች መሰለች። እንቅስቃሴውም የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ ተባለ። ዋንጋሪ መጀመሪያ ከመምህርነት ሥራቸው ጎን ለጎን፣ በኋላም ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው መሩት። በ1986 ልምዱን ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለማካፈል አህጉራዊ ትስስር ተመሠረተ፤ ልምዱን ከቀሰሙት መካከልም ኢትዮጵያ፣ ታንዛንያና ኡጋንዳ ይገኙበታል። በንቅናቄው አማካይነት በኬንያ የተተከሉት ዛፎች ከ51 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ድርጅቱ አስታውቋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ይህን ያህል ዛፍ ለአንድ ሰው ቀርቶ ለአንድ መሥሪያ ቤት እንኳ ከባድ ነው፤ ለብዙ ሺህ እናቶች ሲከፋፈል ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ።

ይሁን እንጂ ዛፍ መትከል ሁሉንም ሰው አላስደሰተም። በ1989 በናይሮቢ ከተማ መካከል በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ታቀደ። ኡሁሩ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ ነጻነት ማለት ነው። መናፈሻው ድሀው የከተማ ነዋሪ ያለ ክፍያ ከልጆቹ ጋር የሚያርፍበት ቦታ ስለነበር ዋንጋሪ ለባለሥልጣናትና ለውጭ መንግሥታት ደብዳቤ በመጻፍ ተቃወሙ። በዚህ ምክንያት በሸንጎ ተሰደቡ፤ ንቅናቄውም ይሠራበት ከነበረው የመንግሥት ሕንፃ እንዲወጣ ተደረገ። በመጨረሻ ግን ዕቅዱ ተሰረዘ፤ መናፈሻውም ለሕዝቡ ቀረ።

በጥር ወር 1999 ደግሞ የካሩራ ደን ለግለሰቦች ተከፋፍሎ ሊታነጽበት መሆኑ ስለታወቀ፣ ዋንጋሪ ከደጋፊዎቻቸው ጋር ችግኝ ይዘው ወደ ቦታው ሄዱ። በዘበኞች ተደብድበው ራሳቸው ላይ ቆሰሉ። ክሳቸውን ለፖሊስ ሲያቀርቡም በወረቀቱ ላይ የፈረሙት ከቁስላቸው በፈሰሰው ደም ነበር። ካሩራ ግን ከመመንጠር ተረፈ፤ ዛሬም በናይሮቢ ሕዝብ የሚናፈስበት ደን ነው።

በ2002 ዋንጋሪ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ፤ በተከታዩም ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው፤ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴትም ሆኑ። ዛፍ ለተከለ ሰው የሰላም ሽልማት መሰጠቱ የገረማቸው ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ውኃ፣ ግጦሽና ማገዶ ባለቁበት ምድር ጎረቤት ከጎረቤቱ እንደሚጣላ የሚያውቅ ሰው የሽልማቱን ትርጉም አይስተውም። መስከረም 25 ቀን 2011 ባረፉ ጊዜ፣ ለእርሳቸው ሲባል ዛፍ እንዳይቆረጥ በነበራቸው ፍላጎት መሠረት አስከሬናቸው ከቀርከሃ፣ ከእምቦጭና ከደንገል በተሠራ ሣጥን ተሸኘ።

የዋንጋሪ ሥራ ታላቅነት በቁጥሩ ብዛት ብቻ አይመዘንም። ቁጥሩ ራሱ የሚታመነው ከኋላው ያጠጣ፣ ያጠረና የቆጠረ ሰው ስላለ ነው። በጎ ፈቃድ የሚፈተነውም ችግኝ በሚተከልበት ቀን ሳይሆን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ተመልካች በሌለበት የበጋ ቀትር ውኃ ተሸክሞ ወደ ተከሉት ችግኝ በመመለስ ነው።

መልመጃ አንድ፦ የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. የአካባቢው ሕዝብ ትልቁን ዛፍ ማክበሩ ለምንጩ ምን ጥቅም ነበረው?
2. የማገዶ መጥፋት የልጆችን ጤንነት የጎዳው እንዴት ነው? ሰንሰለቱን በቅደም ተከተል አስረዱ።
3. በ1977 ከተተከሉት ሰባት ዛፎች ምን ትምህርት ተገኘ?
4. ክፍያው ለተተከለ ሳይሆን ለጸደቀ ችግኝ እንዲሆን መደረጉ ምን ለውጥ አመጣ?
5. ዛፍ መትከል ከሰላም ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው? ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ጨምራችሁ አብራሩ።

መልመጃ ሁለት፦ የቃላት ጥናት

ሀ. “ጸደቀ” የሚለው ቃል ለሰውና ለተክል ሲነገር የሚሰጠውን የተለያየ ትርጉም በዓረፍተ ነገር አሳዩ።
ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ፦ መራቆት፣ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት፣ አገር በቀል፣ ከሰተ፣ ተመነጠረ።

መልመጃ ሦስት፦ ጽሕፈት

በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ወይም በመንደራችሁ ባለፈው ክረምት የተተከሉትን ችግኞች ዞራችሁ ቁጠሩ። ስንቱ እንደጸደቀ፣ ስንቱ እንደደረቀና የደረቁበትን ምክንያት በሦስት አንቀጽ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።