ረግረግ መሬት ባዶ መሬት አይደለም

በዛሬው ትምህርታችን ወደ ጣና እንሄዳለን።

ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል። አባይ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ውሃው ሲሸሽ ረግረግ ይቀራል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች እዚያ ናቸው።

ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ዘንድ «ባዮስፌር» ተብሎ ተመዘገበ። ባዮስፌር ማለት ሰው እየኖረና እየሠራ ተፈጥሮም የሚጠበቅበት ሥፍራ ማለት ነው። ገበሬው ይነሣ ማለት አይደለም።

በበጋ ወደ ረግረጉ ብንሄድ ምን እናያለን? የፎገራ ከብት ለምለም ሣር ሲግጥ እናያለን። በሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቆሟል። በአናቱ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ላባ ያለው ረጅም ወፍ በውሃው ውስጥ ይራመዳል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም አሉ።

ረግረግ ሦስት ሥራ አለው።
1. እንደ ጋን የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ያቆያል።
2. ደንገሉና ሣሩ እንደ ወንፊት ደለሉን ያስቀራሉ። ሐይቁ ቶሎ አይሞላም።
3. ዓሣና ወፍ ይመገብበታል፤ ይራባበታል።

ታዲያ ረግረጉ ቢታረስ ምን አለበት? መሬት የጠበበው ገበሬ ቦይ ቀዶ ውሃውን ቢያፈስ ቸግሮት ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ። ያረሰው ሰው ጥቂት ኩንታል ያገኛል። የሰፈሩ ከብት ግን በግንቦት የሚግጠው ያጣል። ከብቱ ከከሳ በሬው በምን ጉልበቱ ያርሳል? ወተቱስ ከየት ይመጣል? ሸሸርና ወላላ በውሃ ማፋሰስና በእርሻ ምክንያት ከቀድሞው በጣም ጠበዋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?
- የእርሻውንና የረግረጉን ወሰን ተሰብስበን እንስማማበት።
- ደንገል ስናጭድ ሥሩን አንንቀል።
- በክረምት ዓሦች እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ወደ ርብና ጉማራ ይወጣሉ። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ አንዘርጋ። እናቲቱ ከነእንቁላሏ ከተያዘች የከርሞው ዓሣ ከየት ይመጣል?
- ደጋ ያላችሁ እርከን ሥሩ። የእናንተ አፈር ነው እዚህ ደለል የሚሆነው።

ጥያቄ
1. ወደ ጣና የሚገቡትን አራት ወንዞች ጻፉ።
2. ረግረግ በጋን የተመሰለው ለምንድን ነው?
3. በቀበሌያችሁ ረግረግ አለ? በበጋ ማን ይጠቀምበታል? ቢደርቅ ማን ይጎዳል? ተወያዩበት።