ስለ ይቅርታና ስለ መታመን

ከጠላት የሚመጣ መከራ ከባድ ነው፤ አብሮ ማዕድ ከቈረሰ ሰው የሚመጣ ክህደት ግን ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። ጌታችንን አሳልፎ የሰጠውም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፥ የገንዘቡን ከረጢት በአደራ የያዘው ነበር።

ይህ ነገር ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰዎች የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ከተማዪቱን ይዘው የነበሩ የትግራይ ተዋጊዎች መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን ገደሉ፤ በጦርነቱም ዘመን በደልና ሐዘን በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ነገር ግን በገበያና በጋብቻ ተሳስሮ የኖረ ጎረቤት ልቡ በፊርማ ብቻ አይታረቅም። ስለዚህ «ይቅር በል ማለት እንደ ቀድሞው እመን ማለት ነውን?» የሚለውን ጥያቄ እንመርምር።

ይቅርታ ትእዛዝ ነው፤ ጌታ ለጴጥሮስ ስፍር ቍጥር የሌለው ይቅርታ አዝዞታልና ቀጠሮ የለውም። መታመን ግን በፍሬ የሚገኝ ነው። ዳዊት ሳኦልን ሊገድለው ሲችል ማረው፤ ተመልሶ ግን በቤቱ አልተቀመጠም። ዮሴፍም ወንድሞቹን ፈተናቸው፤ ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ለባርነት ባቀረበ ጊዜ ግን አልቅሶ ማንነቱን ገለጠላቸው።

የራያ አባቶችም ይህን ያውቃሉ። ደም በፈሰሰ ጊዜ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፥ ካሣ ይከፈላል፥ እርቁም በመሐላ ይጸናል። በንስሐችንም ኑዛዜና ቀኖና እንዳሉ ልብ እንበል። በቋንቋችን ጥፋትን መናዘዝም ባልንጀራን አለመጠራጠርም «ማመን» ይባላል፤ እንግዲህ ጥፋቱን ያላመነ ሰው እንዴት ይታመናል?

የተበደልህ ወንድም ሆይ፤ በቀልን ዛሬ ተው፥ ለበደለህም ጸልይ፤ ቁስልህ ገና ስላመመህ ይቅር አላልሁም ብለህ አትሸበር። የበደልህም ሆይ፤ «ይቅር ካለኝ ስለ ምን አያምነኝም?» ብለህ አትቈጣ፤ እውነቱን ተናገር፥ የወሰድኸውን መልስ፥ ታገሥም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ በጎቹም በአደራ ተሰጡት። እኛም ካህናት ተበዳይን «ቶሎ ተሳለም» እያልን አናስጨንቀው፤ በዳይንም ከንስሐ ደጅ አንመልሰው።

ይቅር ባይ አምላክ የተበደለውን ያጽናናልን፥ የበደለውንም ለመታመን ያብቃልን። አሜን።