የማይለወጠውንና የሚሻሻለውን መለየት

የትምህርቱ ዓላማ፦ አንባቢው በወረርሽኝ ወቅት ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሁኔታ ሊሻሻል ከሚችለው ለይቶ እንዲያውቅና ጥረቱን በሚሻሻለው ላይ እንዲያውል ማገዝ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱና በየመንደሩ ሁለት ብሂሎች ጎን ለጎን ሲነገሩ ይሰማል። አንዱ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ሲሆን፣ ሌላው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው መከራ ከሰው ፈቃድ ውጭ ሊመጣ እንደሚችል ያስታውሳል። ይህ እውነት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ እውነት ተነሥቶ «እንግዲያስ መጠንቀቅ ምን ይፈይዳል?» ወደሚል መደምደሚያ ሲደረስ ነው። በሽታው መኖሩን መቀበል ለጥንቃቄ መነሻ ይሆናል፤ ለበሽታው እጅ መስጠት ግን ራስንም ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

በቂሊንጦ በር

ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል። የኮንዶሚኒየም መኖሪያዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ማረሚያ ቤት ያሉበት አካባቢ ነው። በማረሚያ ቤቱ ካሉት ብዙዎቹ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚጠብቁ ናቸው። ቤተሰቦቻቸውም ስንቅ ይዘው ከየሰፈሩ ይመላለሳሉ።

ልጃቸው በዚያ የሚገኝ አንዲት እናትን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። እኚህ እናት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ባለቤታቸውን በቤት ያስታምማሉ። ስንቅ ለማድረስ በተጨናነቀ ታክሲ ይሳፈራሉ፤ በበሩም ከብዙ ሰው ጋር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ጠዋት ጉሮሯቸውን ከርክሮ ትኩሳት ቢሰማቸው ምን ያድርጉ? «የመጣው ይምጣ» ብለው ቢሄዱ፣ በሽታውን ለተሳፋሪው፣ ለተሰላፊውና ለጥበቃ ሠራተኛው ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ከጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ወደሚያድርበት ግቢ ለመግባት ሩቅ አይደለም። በቤት ሲቀሩም በጭንቀት ብቻ ቢውሉ፣ ልጃቸውም ባለቤታቸውም የሚያገኙት ጥቅም የለም።

ሦስት ጥያቄዎች

እንዲህ ባለው ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ይረዳል።

1. ከአቅም በላይ የሆነው ምንድን ነው? እናቲቱ የልጃቸውን ቀጠሮ ማሳጠርም ሆነ የሚያድርበትን ክፍል ማስፋት አይችሉም። ወረርሽኙ በገባበት ሰሞን ታራሚዎችን በአካል መጠየቅ ታግዶ ነበር፤ ያንንም መለወጥ በእጃቸው አልነበረም። ይህን መቀበል ያሳዝናል። ነገር ግን በማይለወጠው ላይ የሚባክነውን ጉልበት ያተርፋል።

2. ዛሬ በእጅ ያለው ምንድን ነው? ሕመም ሲሰማ ከቤት መቆየትና ስንቁን በጤነኛ ዘመድ ወይም ጎረቤት መላክ ይቻላል። በስንቁ ላይ ሳሙና መጨመር፣ ዕቃውን ሲልኩም ሲቀበሉም እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ፣ አፍንጫንና አፍን በአግባቡ በማስክ መሸፈን፣ በሰልፍም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል መራራቅ ይገባል። የታመመ ሰው በቤት ውስጥም ቢሆን ማስክ አድርጎ መስኮት መክፈትና ከሕመምተኛው ባለቤት ተለይቶ መተኛት አለበት። ሌላ ክፍል ከሌለ አልጋን ማራራቅና እግርጌና ራስጌ ተለዋውጦ መተኛት ከምንም ይሻላል።

3. የሌሎችን እገዛ የሚጠይቀው ምንድን ነው? የውኃ እጥረትን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይፈታውም። የሕንፃው ነዋሪዎች ግን ተነጋግረው በመግቢያው ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ማስቀመጥ ይችላሉ። እድርተኞችም ለቅሶውን ሳያስቀሩ፣ ሰው በአንድ ድንኳን እንዳይታጨቅ በየተራ እንዲደርስ ማድረግ ይችላሉ። የማረሚያ ቤት መጨናነቅም ከታራሚውና ከቤተሰቡ አቅም በላይ ነው፤ ከመንግሥት አቅም በላይ ግን አይደለም። መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ከ4 ሺሕ በላይ ለሆኑ ታራሚዎች ይቅርታ መደረጉ የተገለጸው በዚህ ምክንያት ነበር። ይቅርታው ግድግዳውን ባያሰፋም፣ በግድግዳው ውስጥ በአንድነት የሚተነፍሰውን ሰው ቁጥር ቀንሷል።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ሦስተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር በመቀላቀል ነው። «እኔ ብቻዬን አልችለውም» የሚለው አባባል «አይቻልም» ማለት አይደለም።

ከኅዳር በሽታ የሚገኝ ትምህርት

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀው ያው በሽታ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ነበር። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ የበሽታው መንሥኤ አይታወቅም፤ ክትባትም አልነበረም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የዚያ ዘመን ሰው የሚያውቀውን ያህል አድርጓል፤ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ዛሬ ግን ከዚያ የበለጠ ይታወቃል። ጢስ በሽታውን እንደማይከላከልና ሳንባን እንደሚጎዳ ይታወቃል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለምግብነት መልካም ቢሆኑም ኮሮና ቫይረስን እንደሚያድኑ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ጥረት ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ሳሙና ግን የቫይረሱን ስብ ያለበት ሽፋን ያፈርሳል፤ ማስክ በትንፋሽ የሚወጣውን ርጭት ይይዛል፤ ንጹሕ አየር በቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ተሕዋስ ያሳሳል። በኢትዮጵያ ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገለጸ ልክ በዓመቱ ነው። በ1911 ዓ.ም. ሊለወጥ የማይችል ይመስል ከነበረው ብዙው ዛሬ በሰው እጅ ገብቷል።

ማጠቃለያ

ወረርሽኙ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ፈቃድ ጠይቆ አልመጣም። የቀን ሠራተኛው ለእንጀራው መውጣቱ፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ በአንድ ደረጃ መጠቀሙ፣ እናትም ስንቅ ማድረሷ አይቀርም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን በየዕለቱ የሚሻሻል ትንሽ ነገር አለ። አንድ ሰው ትኩሳት ባለበት ቀን ከሰልፍ መቅረቱ ከሌላው ሲታይ ኢምንት ይመስላል። በአንድ ክፍል ለሚያድሩት ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

• በቤተሰብ ወይም በሰፈር «አይቻልም» ተብሎ ከተተወው ነገር ውስጥ በኅብረት ሊሻሻል የሚችለው የትኛው ነው?
• በምሳሌው የተጠቀሱት እናት ቢታመሙ ስንቁን ማን ያደርስላቸው ነበር? ጎረቤት አስቀድሞ ምን ሊዘጋጅ ይችላል?
• ለበሽታው ይረዳል ተብሎ ከሚደረገው ውስጥ ጥቅሙ የተረጋገጠው የትኛው ነው?

ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያጋጠመው ሰው ወደ ሌሎች ከመቀላቀሉ በፊት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 በመደወል ምክር ማግኘት ይችላል።