ምሕረት ለወገንም ለባዕድም ነው

በትግርኛ «እንዳ» ማለት ቤት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ በመቀሌ ከተማ ከፍ ብሎ የሚታየው ኮረብታ እንዳ ኢየሱስ ይባላል፤ ትርጓሜውም የኢየሱስ ቤት ነው። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በዚያ ይገኛል። በ1888 ዓ.ም. ግን በዚህ ስፍራ የጦር ምሽግ ነበረ። በምሽጉም የሆነው ነገር የእግዚአብሔርን ምሕረት ለሚማር ሰው ምሳሌ ይሆነዋል።

በዚያ ዓመት የኢጣልያ ጦር ወደ ትግራይ ገብቶ መቀሌን ያዘ፤ በእንዳ ኢየሱስም ምሽግ ሠራ። ኅዳር 28 ቀን ኢጣልያኖች በአምባ አላጌ ድል ከሆኑ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ መቀሌ ገሥግሦ ምሽጉን ከበበ። በውስጡ ሻለቃ ጋሊያኖ የሚባል የኢጣልያ መኰንን ከ1,000 ከሚበልጡ ወታደሮች ጋራ ነበረ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ኢጣልያኖች ነበሩ። የሚበዙት ግን አስካሪ የተባሉ ጥቁር ወታደሮች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመልክና በቋንቋ ለትግራይ ሰዎች የቀረቡ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ቅጥር ውስጥ ባዕድም ወገንም ነበረ።

የኢትዮጵያ ወታደሮች ምሽጉን በኃይል ለመያዝ ደጋግመው ሞከሩ፤ ነገር ግን ቅጥሩ ጽኑ ነበረና ብዙ ሰው ወደቀ። ያን ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ውኃው ይያዝ ብለው መከሩ። በምሽጉ ያሉት ሰዎች ውኃ የሚቀዱት ከቅጥሩ ውጭ ነበረና፥ ምንጩ በተያዘባቸው ጊዜ ሁሉም ተጠሙ። በውስጥ የቀረው ውኃም በጥቂት በጥቂቱ እየተሰፈረ ይታደል ጀመር።

ጥማት ባዕድና ወገን አይለይም። አለቃ ስለ ማዕረጉ፥ ነጭ ስለ መልኩ፥ አስካሪም የዚህ ምድር ልጅ ስለ ሆነ ከጥማት አልዳነም። ያ ጽኑ ቅጥር ጥይትን ይከለክል ነበር እንጂ ውኃ ሊሰጥ አልቻለም። በምሽጉ ካሉት መካከል ለጓደኛው «አንተ ተጠምተሃል፥ እኔ ግን አልተጠማሁም» ሊል የሚችል አንድ ስንኳ አልነበረም።

በጥር ወር ዓፄ ምኒልክ የተከበቡት ሰዎች ምሽጉን ለቀው እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ነገሩም በራስ መኰንን አማካይነት ተፈጸመ። እነዚያ ሰዎች በጥማት ሊያልቁ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን የጭነት ከብት አግኝተው፥ መሣሪያቸውንና ጓዛቸውን ይዘው በሕይወት ወጡ። ኢጣልያኑ የወጣበት ፈቃድ ሌላ፥ አስካሪው የወጣበት ፈቃድ ሌላ አልነበረም። ሁሉም የወጡት በአንድ ንጉሥ ቃል ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሲያደርጉ ጦርነቱ በእርቅ ያልቃል የሚል ተስፋም ነበራቸው። ነገር ግን እርቁ አልሆነም። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን በአድዋ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ከእንዳ ኢየሱስ በምሕረት የወጣው ጋሊያኖም በአድዋ እንደ ገና ተሰልፎ ሲዋጋ ሞተ።

ታዲያ ያ ምሕረት ከንቱ ነበረን? ከንቱ አልነበረም። ደመወዝ ለሠራ ሰው ይከፈላል፤ ብድርም ይመልሳል ለተባለ ሰው ይሰጣል። ምሕረት ግን የሚገባው ሳይሆን ለተገኘ ሰው የሚሰጥ ነው። ተቀባዩ ቢክድ እንኳ ነውሩ የተቀባዩ ነው፤ የሰጪው ቸርነት አይጠፋም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 11 ይህን የሚመስል ነገር ያስተምራል። በዚያ ዘመን ሰዎች ዓለምን በሁለት ከፍለው ያዩ ነበር፤ አንዱ ወገን አይሁድ፥ ሁለተኛውም ወገን አሕዛብ ይባሉ ነበር። አይሁድ ሕግና ነቢያት፥ የአባቶችም ተስፋ ነበራቸው። አሕዛብ ግን እግዚአብሔርን ሳያውቁ ለጣዖት ይሰግዱ ነበር። ጳውሎስ ሁለቱን ወገኖች ባለመታዘዝ እንደ ተዘጋባቸው እስረኞች አድርጎ ያሳያል። አይሁድ ሕጉን ተቀብለው አልፈጸሙትም፤ አሕዛብም ሕሊናቸው እየነገራቸው አልሰሙትም። ሁለቱም በአንድ ቅጥር ውስጥ ተጠምተዋል። እግዚአብሔርም ሁሉን በአንድ ምሕረት ሊያወጣ ወደደ።

የዚህም ሥራ መጀመሪያ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ይገኛል። በምዕራፍ 8 የንግሥት ህንደኬ ሹም የሆነ ኢትዮጵያዊ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ አገኘው፤ አስተምሮም አጠመቀው። በምዕራፍ 10 ደግሞ በኢጣልያ ስም የሚጠራ ጭፍራ የመቶ አለቃ የሆነ ቆርኔሌዎስ በቂሣርያ ነበረ። ጴጥሮስ አይሁዳዊ ነበረና ወደ አሕዛብ ቤት መግባት እንደ ነውር ይቈጥረው ነበር። ነገር ግን እግዚአብሔር ላከውና ገባ፤ የቤቱም ሰዎች ተጠመቁ። እነሆ፥ ኢትዮጵያዊውም የኢጣልያ ጭፍራ አለቃውም ለእስራኤል ባዕዳን ሲሆኑ ሁለቱም በአንድ ጥምቀት ተቀባይነትን አገኙ።

ነገር ግን ምሕረት ያገኘ ሰው ቶሎ ይታበያል። ስለዚህ ጳውሎስ ለአሕዛብ የወይራን ምሳሌ ሰጣቸው። ወይራ በትግራይ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚታይ ዛፍ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ጳውሎስ አሕዛብን ከዱር ወይራ ተቈርጦ በአትክልት ወይራ ላይ በተተከለ ቅርንጫፍ መሰላቸው። ያ ቅርንጫፍ የሚለመልመው ከሌላው ሥር በሚያገኘው ምግብ ነው፤ ስለዚህ በቀደሙት ቅርንጫፎች ላይ የሚመካበት ነገር የለውም። እግዚአብሔርም አይሁድን ፈጽሞ አልጣላቸውም፤ የተሰበሩትንም ቅርንጫፎች መልሶ ሊተክላቸው ይችላል።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያም የሚያስፈልግ ነበረ። ቤተ እስራኤል የተባሉት የኦሪት ሰዎች በጎንደር፥ በሰሜንና በትግራይ ብዙ ዘመን ሲኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ ይንቋቸው፥ ርስትም ይከለክሏቸው ነበር። እጅግ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። የናቋቸው ክርስቲያኖች በየዕለቱ የሚደግሙት መዝሙረ ዳዊት ከእስራኤል የተገኘ መሆኑን፥ ጌታ ኢየሱስም በሥጋ ከአይሁድ መወለዱን ረሱ። ቅርንጫፉ ሥሩን ናቀ።

የንጉሥ ምሕረት ለእግዚአብሔር ምሕረት ትንሽ ጥላ ነው። ዓፄ ምኒልክ ለጠላቶቻቸው መንገድ ከፈቱላቸው፤ እግዚአብሔር ግን ለጠላቶቹ ልጁን ሰጠ። ንጉሡ እርቅን ተስፋ አድርገው ማሩ፤ እግዚአብሔር ግን ከሰው የሚያገኘው ጥቅም ሳይኖር ይምራል።

ስለዚህ ብልህ ተማሪ የጓደኛውን ዘር፥ ቋንቋና ሃይማኖት አይቶ አይታበይም። ራሱ ተጠምቶ እንደ ነበረ ያስባል፤ ውኃም ባገኘ ጊዜ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ለተጠማው ሰው መንገዱን አይዘጋም።

ጥያቄ።
1ኛ፤ እንዳ ኢየሱስ ማለት ምን ማለት ነው?
2ኛ፤ በምሽጉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በምን ይለያዩ ነበር? በምንስ አንድ ሆኑ?
3ኛ፤ ጋሊያኖ በአድዋ ተመልሶ ከተዋጋ፥ የተደረገለት ምሕረት ለምን ከንቱ አልሆነም?
4ኛ፤ የተተከለው ቅርንጫፍ በቀደሙት ቅርንጫፎች ላይ እንዳይመካ የሚከለክለው ምንድር ነው?